ዋስ የቆምኩለት ማዘርቦርድ

መሳቢያውን ስከፍት የአቧራና የብየዳ ሽታ ተቀበለኝ። ከአሮጌ መነጽሮቼ ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አረንጓዴው ማዘርቦርድ፣ የአሮጌው ኮምፒውተራችን ዋና ሰሌዳ፣ ተኝቷል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆነውን ልተርክ ስነሣ ምንጮቼን አስቀድሜ ማሳወቅ ይገባኛል፦ ይህ ቦርድ፣ ሙቀት የመዘገብኩበት ደብተርና የልጄ ቃል ናቸው። የራሴን ትውስታ ከምንጭ አልቆጥረውም፤ ደስ ያለውን ነገር አሳምሮ የማቅረብ ልማድ አለበት።

የምተርከው የልጄን ወጣትነት ነው። እኔ ፊዚክስ ከማስተማር ጡረታ የወጣሁበት ዓመት ነበር። እሷ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነበረች። ለመመረቂያዋ ሠፈራችንን፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ ያሉትን ባለ እንጨት ሰገነት ቤቶች፣ በኮምፒውተር አንድ በአንድ ሠርታ በማለዳ ብርሃን ልታሳይ ተነሥታለች። ሥራው ሰኞ ጠዋት መቅረብ ነበረበት። የቤታችን አሮጌ ኮምፒውተር ግን ምስሉን አስልቶ ለመጨረስ አምስት ቀን እንደሚፈጅበት ዓርብ ዕለት አስታወቀ። ካላደረሰች ዓመቱን ትደግማለች።

ቅዳሜ ማለዳ ኮምፒውተሩን ተሸክመን ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ ወረድን። ልጄ ያገለገለ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ እንደ አራት አንጎል ባንዴ የሚያሰላ፣ አግኝታለች፤ እሱ አሮጌው ቦርድ ላይ እንዲገባና ከተሠራበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ፣ ጠጋኞች «ኦቨርክሎክ» የሚሉት እንዲደረግላት ፈለገች። ጠጋኙ የወሎ ልጅ ነው፤ ምላሱ ግን የአራዳ። ቦርዱን ወደ ብርሃን አቅንቶ አየና ሳቀ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩ ጎረምሳ ነው፤ ቦርዱ ግን እንደ እርስዎ ጡረታ ወጥቷል። እርስዎን አሁን አትክልት ተራ ወስጄ አንድ ኩንታል ድንች ባሸክምዎት ደግ ነው?»

«አባዬ ገና ጠንካራ ነው» አለች ልጄ፤ «ቦርዱም።»

«መሸከሙንማ ይሸከማል እህቴ። ተሸክሞ መሮጡ ነው እንጂ!»

ጣቱን በፕሮሰሰሩ ማስቀመጫ ዙሪያ ባሉት ኃይል መጋቢዎች ላይ አዞረ። ማቀዝቀዣ ብረት አልነበራቸውም፤ አጠገባቸው ያሉ፣ ኃይሉን የሚያረጋጉ ሁለት ካፓሲተሮችም አርጅተው አናታቸው አብጧል። አራት ኮር ብዙ ኃይል ይጠጣል፤ ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። በልቤ ከጠጋኙ ወገን እንደነበርኩ አልሸሽግም።

የጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ፣ «እኛ ሰዓት ሲቸኩል ተበላሸ እንላለን፤ እናንተ ጭራሽ ከፍላችሁ ታስቸኩላላችሁ!» አለና አሳቀን።

በመጨረሻ ጠጋኙ ካፓሲተሮቹን ሊቀይር፣ ፍጥነቱንም ጥቂት ብቻ ሊጨምር ተስማማ። ሱቁ ግን ሕግ ነበረው።

«ዋስ ጥሪ።»

ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ፤ ለቦርድ ሲጠየቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቢቃጠል ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው በምስክር ፊት ቃሉን መስጠት አለበት። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም ነበር፤ የባለቤቴ ወንድም በዚሁ ተቀይሞ ሦስት ዓመት ለገና በዓል ቤቴን አልረገጠም። ልጄ ይህን ስለምታውቅ ወደ እኔ አልዞረችም። እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ነበር።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ።

ሰዓት ሠሪው አጨበጨበ። «ምስክር ነኝ! ጋሼ ገቡበት!»

ከቀትር በፊት ኮምፒውተሩ ቤት ገብቶ ሥራ ጀመረ። የጎን ክዳኑን ከፍተን የጠረጴዛ ቬንትሌተር ገተርንበት፤ ክፍሉ በነፋስና በጉምጉምታ ተሞላ። በየሩብ ሰዓቱ ሙቀቱን እያየሁ ስመዘግብ ልጄ፣ «አባዬ፣ በሽተኛ አስመሰልከው እኮ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ደብተሩ እንደሚመሰክረው ሙቀቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ፤ የተቃጠለ ነገር ግን የለም። እሑድ ከሰዓት ምስሉ አለቀ። ሠፈራችን በማለዳ ፀሐይ ቆሞ ታየ፤ ሰገነቶቹ ጥላቸውን ጥለዋል፤ የጠጋኙ ጠባብ በር እንኳ አልቀረም። ልጄ እልል ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ዛሬ በዚያ በር ላይ ሰፊ መንገድ ያልፋል። ምስሉ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቤቶቹ ሊፈርሱ በተቃረቡበት ሰሞን ጠጋኙን ዕቃውን ታክሲ ላይ ጭኖ ሊሄድ ሲል አገኘሁት። በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እውነት ፍጥነቱን የጨመርኩት ይመስልዎታል? እርስዎን የመሰለ ሰው ዋስ አቁሜ በእሳት ልጫወት?»

እየሳቀ ታክሲው ይዞት ሄደ።

ልጄ የተጨመረውን የፍጥነት ቁጥር በዓይኔ አይቻለሁ ብላ ትምላለች። በደብተሬ የፍጥነቱ ዓምድ ባዶ ነው፤ በራሴ ያልለካሁትን አልጽፍም ብዬ ነበር። ቦርዱን አስነሥቶ ማየት ይቻል እንደሆነ አሰብኩ። ነገር ግን ቅንብሩን የምትይዝለት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፤ ቢነሣም የዚያን ቀን ነገር አያስታውስም። መልሼ በጋዜጣው ጠቀለልኩት። ዋስትናዬ እንዳለ ነው፤ ያን ቅዳሜ ሮጦ ይሁን ተራምዶ ግን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።