የሁለታችን ጸብ

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ ገፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እሳቸውን ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የላብና የረጠበ ብርድ ልብስ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ግድግዳውን ተደግፈው ከተቀመጡት መሀል ኮታቸውን የቆለፉ ጎልማሳ ቀና አሉ።

«መምህር፣ አንተም መጣህ?» አሉኝ።

በምርጫው ሰሞን ተቃዋሚዎችን ትደግፋለህ ተብዬ ከቦንጋ ወደ ሩቅ የገጠር ትምህርት ቤት ስዛወር፣ ውሳኔውን የሰጡት የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ከምርጫው በኋላ የገዛ ጓዶቻቸው፣ የገዢው ፓርቲ ሰዎች፣ ገመገሟቸውና ድምፅ ያጣነው በአንተ ነው ብለው አሰሯቸው። እኔን ያሰሩኝ ደግሞ በየሻይ ቤቱ ድምፃችን ተሰረቀ እያልክ ታወራለህ ብለው ነው። አሳሪዬ ሆነው ቢጠብቁኝ ይቀለኝ ነበር። አብረውኝ ታስረው ሳገኛቸው በምን ዓይን እንደማያቸው ጠፋኝ።

ሌሎቹ በስርቆትና በድብድብ የተጠረጠሩ ነበሩ። ፖለቲካ የምናወራው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን፣ ከእሳቸው በቀር የምከራከረው ሰው አልነበረኝም። ጠዋት የጀመርነውን ምሳ ያቋርጠናል፤ ከቤት የመጣልንን ቆጮ እየቆረስን ደግሞ እንቀጥላለን። ፓርቲያቸው አስሯቸውም ፓርቲያቸውን አልካዱም።

«አባቴ ፍርድ ቤት የቆሙት በአስተርጓሚ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «የገዛ መሬታቸውን ጉዳይ በሰው አፍ ሰሙት። ዛሬ ልጆቼ በአፍ መፍቻቸው በካፊኖኖ ይማራሉ። ይሄ ለአንተ ምንም አይደለም?»

«ትልቅ ነገር ነው። ግን በቋንቋው የተማረው ልጅ አድጎ የሰጠው ድምፅ ካልተቆጠረለት ምን ተጠቀመ?»

እያሰቡ ከንፈራቸውን አሹ።

አያቴ ከሰሜን መጥተው ቦንጋ የቀሩ ወታደር ነበሩ። ኃላፊውም ይህን ያውቃሉ። በዚያ ሁሉ ክርክር ግን አንድ ቀንም አላነሱብኝም። የሚሞግቱኝ ባልኩትና በሠራሁት ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የተጣላነው በዝውውሩ ነገር ነው። አስተማሪ ስለጎደለ ነው የተዛወርከው አሉኝ።

«ውሸታም!» አልኳቸው።

ቡጢያቸው ከንፈሬ ላይ አረፈ። የኮታቸውን ኮሌታ ጨመደድኩ። ሌሎቹ መሀል ገብተው አላቀቁን።

ወሬው ለፖሊሶቹ ለመድረስ አልዘገየም። በማግስቱ መርማሪው ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። እኔን በር ላይ አቁሞ ለእሳቸው ወንበር ሳበላቸው። በመስኮቱ በኩል ባለቤታቸው ይታያሉ። ከዝናቡ ተጠልለው፣ ምሳ ዕቃውን በነጠላቸው ሸፍነው ይጠብቃሉ።

«ይሄ ሰው ሕዝብዎን ሰድቧል አሉ» አላቸው መርማሪው በትህትና። «ብሔር ከብሔር ሊያጋጭ የሚፈልግ ነው። እርስዎም ተናደው መቱት፤ ማንም ያደርገዋል። ይህችን ብቻ ይመስክሩልኝና ዛሬውኑ ከባለቤትዎ ጋር ወደ ቤትዎ ወደ ዋጫ ይሳፈሩ።»

እንዲህ ያለው ክስ ስንቱን ሰው ለዓመታት እስር ቤት እንዳስቀመጠ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። ወደ መስኮቱ ረዘም አድርገው ተመለከቱ።

«የሰደበው እኔን ነው» አሉ። «ውሸታም አለኝ፤ መታሁት። ጥፋት ከሆነ ስለመምታቴ ክሰሱኝ።»

«ግን የሰደበዎት በካፋነትዎ...»

«ሕዝቤ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። የነበርነው እኔና እሱ ነን።»

የመርማሪው ትህትና አለቀ። «ለዚህ ሰው ብለህ ነው እዚህ የምትበሰብሰው?»

«ለእሱ ብዬ አይደለም። እሱን አልወደውም።» ድምፃቸውን አላነሱም። «ግን ቃሌን ከሰጠሁህ ነገ ገበያ ይወጣል። መምህሩ ካፋን ሰደበ ይባላል። ዋጫ ይደርሳል፣ ሺሺንዳ ይደርሳል። እዚያ ይሄን መምህር የማያውቅ ሰው፣ የእሱ ወገን መሰለኝ ብሎ ሌላ የማያውቀውን ሰው ይመታል። ያንን ማን ያስታርቃል? እኔንና እሱን አንድ ሽማግሌ ይበቃናል።»

ሁለታችንንም መለሰን። ባለቤታቸው ምሳ ዕቃውን አስረክበው ብቻቸውን ሲሄዱ ከጀርባ አየኋቸው።

ክፍሉ ውስጥ እንደገባን አልተቀመጡም። ኮታቸውን አስተካክለው ሁሉም እንዲሰማ ጠየቁ። «ትናንት በሰው ፊት መታሁት፤ ይቅርታም በሰው ፊት እጠይቀዋለሁ። ስለ ክርክሩ ግን ገና አልተሸነፍኩም።»

ተነሳሁ። «እኔም ውሸታም ስላልኩዎት ይቅርታ» አልኩ። ተጨባበጥን። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ስለ ድምፅ ቆጠራው የተውነውን ቀጠልን።

እኔ ማስረጃ ስላልተገኘብኝ ቀድሜ ተፈታሁ። እሳቸው ብዙ ቆዩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥተው ዋጫ አጠገብ ቡናቸውን ይንከባከባሉ። አልፎ አልፎ ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ። አሁንም በአብዛኛው ነገር አንስማማም፤ ባለቤታቸው «ደግሞ ጀመራችሁ» ብለው ጓሮ ይወጣሉ። ሰዎች በማያውቋቸው ሰዎች ላይ ተነሱ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር፣ ነገሩ ሲጀመር የማን ጸብ ነበር እላለሁ። ጸቡ የእኔ ነው፣ ለሌላ አልሰጥም ብሎ የያዘው ሰው መሀል ላይ እንዴት ጠፋ?

ባለፈው የሄድኩ ጊዜ አንድ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ እንግዳው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። ዘመድ ወይም ወዳጅ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«አብሬው የማልስማማው ሰው ነው» አሉት። «ግባ፣ ተዋወቀው።»