የያለምወርቅ የመኪና ውድድር ሙዚየም

ያለምወርቅ ሙዚየም የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። እኛም ጎረቤቶቿ የጊንጆ ሰፈር ሰዎች አላየንም። እሷ ግን ከፈተች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1972 ዓ.ም. የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ፈየራ ግቢዋ ውስጥ ያለውን ጋራዥ ሊወስድባት መጣ። ጋራዡ ውስጥ የሟች ባሏ የላቀው ሰይቼንቶ መኪና ቆማለች። “ጓዲት፣ ይሄ ትርፍ ክፍል ነው። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ዘይት ይቀመጥበታል” አላት። ያለምወርቅ ስትደነግጥ አፏ ይቀድማታል። “ምን ትርፍ ነው? ሙዚየም ነው እንጂ! የቤተሰባችን የመኪና እሽቅድምድም ሙዚየም!” ብላ ጮኸች። ፈየራ ሙዚየም ለሰፊው ሕዝብ ይጠቅማል ሲባል በስብሰባ ሰምቷል መሰለኝ፣ እምቢ ማለት ፈራ። “ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። ሕዝብ የማይጎበኘው ከሆነ እወስደዋለሁ” ብሎ ሄደ።

እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ይህ ቤተሰብ አንድም ውድድር አሸንፎ አያውቅም። አማቷ አቶ ወልደሰማያት ከአጋሮ ቡና ጭነው ከሌላ ሾፌር ጋር ሲሽቀዳደሙ መኪናውን ገደል ከትተው፣ ቡናውን ለዝንጀሮ የበተኑ ሰው ናቸው። ላቀው ደግሞ በዚያች ሰይቼንቶ ተወዳድሮ ሲደርስ ሸላሚዎቹ ወደየቤታቸው ሄደው ነበር። ተስፋ የተጣለው በልጃቸው በእንድርያስ ላይ ነው። እሱንም በ1970 “ፀረ አብዮት ነህ” ብለው ገደሉት። ያን ጊዜ እንደዚያ ለሞተ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን አልተተከለም፤ ደፍሮ ሊያስተዛዝናት የገባ የለም። ያቺ እናት እንባዋን ውጣ ቀረች። የልጇ የእሽቅድምድም ሄልሜት ግን እዚያ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሏል፤ የተረፋትም እሱ ብቻ ነው። ስኳርና ዘይት ሲገባ እሱ ወዴት ይጣላል? ጭንቀቷ ይሄ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን ጠርጋ የሦስቱንም ፎቶግራፍ ሰቀለች። ለጎብኚ ማረፊያ ብላም የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ተውሳ ደረደረች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። የሟች ፎቶግራፍ ተሰቅሎ የእድር አግዳሚ በተደረደረበት ቤት የእኛ አገር ሰው ምን እንደሚያደርግ መቼም ያውቃል። ጎብኚ እንዲሆኑላት ከሰቃ የጠራቻቸው ዘመዶቿ ገና ከበሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ጎረቤታችን ሐጂራም ንፍሮ በሳፋ ይዛ መጣችና “አላህ ሰብሩን ይስጥሽ” ብላ ተቀመጠች።

“ሙዚየም ነው እኮ!” አለች ያለምወርቅ በንዴት። “ተነሡና መኪናዋን እዩ!”

“እናያለን፣ ማሎ፣ እባክሽ፤ መጀመሪያ ትንሽ እንቀመጥ” አሏት።

እኔ እንኳ በወጉ ልጎበኝ ተነሥቼ ነበር። ሐጂራ በዓይኗ መልሳ አስቀመጠችኝ።

በዚህ መሃል ፈየራ ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች አስከትሎ ገባ።

“ይሄ ሙዚየም ነው ወይስ ለቅሶ?”

“ሙዚየም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“እንግዲያው አስጎብኚኝ።”

አስጎበኘችው። “ይህ የአማቴ የመኪናቸው መሪ ነው፤ ገደል ሲገቡ እጃቸው ላይ የቀረ።” ፈየራ በቁም ነገር ራሱን ነቀነቀ። “ይህቺ ዋንጫ ላቀው በማግሥቱ ለትዕግሥቱ የተሸለማት ናት።” አሁንም ነቀነቀ። “ይህ ደግሞ የእንድርያስ...” ሄልሜቱን አወረደች። እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችውና “ልጄን! ኧረ ልጄን!” ብላ እሪ አለች። ቤቱ በሙሉ አብሯት እሪ አለ። እኔም ያን ቀን አለቀስኩ፤ ለስንቱ እንዳለቀስኩ አላውቅም።

ፈየራ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ጥበቃዎቹንም አየ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ የሚወጣ ሰው እኛ ዘንድ የለም። ኮፍያውን አወለቀና ሐጂራ አጠገብ ተቀመጠ። ሳፋው ሲዞር ንፍሮም ዘገነ። ሲወጣ ለጥበቃዎቹ “ሕዝቡ በጥልቅ ስሜት እየጎበኘ ነው” አላቸው። የመጋዘኑም ነገር በዚያው ቀረ።

በሳምንቱ ብቻውን መጣ። ከካፖርቱ ሥር የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አወጣ። የታናሽ ወንድሙ ነው፤ እንድርያስ በተገደለበት ሰሞን የተገደለ። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ነበር።

“እትዬ ያለምወርቅ፣ ይህንንም ይስቀሉልኝ” አላት። “መኪና ይወድ ነበር።”

ሚስማር ፈልጋ ከእንድርያስ አጠገብ ሰቀለችው። ከዚያ አግዳሚውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና “ና፣ ተቀመጥ” አለችው።