ለቅሶ ቤት የገባው የማሽን ዳቦ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአክስቴ ልጅ ሆሳዕና ውስጥ አዲስ ወደሠራችው ቤት ለምሳ ጠርታኝ ሄጄ ነበር። ሶፋው ላይ አረፍ ከማለቴ ከወደ ኩሽና የእርሾና የትኩስ ዳቦ ሽታ መጣ፤ ተከትሎም ጡጥ፣ ጡጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። የዳቦ ማሽን ገዝታለች። ይዛው የመጣችው ዳቦ አራት ማዕዘን ነው፤ ሆዱ ላይ ማሽኑ የሚተዋት ቀዳዳ አለችበት። እናቷ፣ የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ታደለች፣ ጥርስ ስለሌላት ቁራሹን ወተት ውስጥ እየነከረች በላችና ሲጣፍጥ ብላ ድጋሚ ጠየቀች። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ምንም አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው። ንዴቱ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው፤ እንዲበርድልኝም ፈልጌ አላውቅም።

እናቴ የአንጋጫ ልጅ ነበረች። ከምባታ ሆና ሀዲያ ቤት ገብታ፣ ሆሳዕና ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆና ኖረች። ሀዲይኛ አሳምራ ትሰማለች፤ ስትናገረው ግን ከምባትኛው እየገባባት የአባቴ ዘመዶች ይስቁባታል፤ እንዳይስቁባት ብላ አማርኛ ስታወራ ደግሞ መምህርነቷን ልታሳየን ነው እያሉ ያሟታል። ስሟን የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው፤ ለሌላው ሁሉ "የአንጋጫዋ" ነበረች። ከአባቴ ዘመድ ሴቶች እኩል ያስቀመጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ዳቦዋ።

ዳቦዋን የቀመሰ አይረሳውም። ስንዴውን ራሷ ለቅማ ታስፈጫለች፤ ጥቁር አዝሙዱንና ኮረሪማውን በዓይኗ ትመጥናለች፤ ከጓሯችን እንሰት ኮባ ቆርጣ እሳት ላይ ለብለብ ታደርግና በትልቁ መጥበሻ ውስጥ ታነጥፈዋለች። ሊጡን ስታሸው ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ እኔም የቤት ሥራዬን እዚያው ጫፍ ላይ ስለምሠራ ደብተሬ ላይ ያለው ፊደል ሁሉ እንደ ሰካራም የተንጋደደ ነበር። ዳቦው ሲወጣ ኮባው ጥቁር ሆኖ ይላቀቅና ሽታው የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ሰበብ ፈልጎ እኛ ቤት እንዲመጣ ያደርገዋል፤ እርሳስ ሊዋስ፣ ኳስ ሊፈልግ፣ ሰዓት ሊጠይቅ።

በሰፈራችን ለቅሶ ቤት ሴቶቹ እንጀራውንም ቆሎውንም ዝም ብለው ይበላሉ፤ ዳቦ ሲቆረስ ግን ሳይቀምሱ "የማን እጅ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። የጋገረችው ትነገራለች፣ ይቀመሳል፣ ከዚያ እጅሽ ይባረክ ይባልላታል። እናቴ ሲመርቋት አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ለዚያች ቅጽበት ስትል ሌሊቱን ሙሉ ሊጥ ስትጠብቅ ብታድር ቅር አይላትም ነበር፤ በዚያች ቅጽበት የአንጋጫዋ የምትባል ሴት የለችማ።

ከዚያ እጇን አመማት። ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ አብጠው ጠመኔ መያዝ እንኳ ያቅታት ጀመር። ሐኪሙ ቁርጥማት ነው፣ ከቀዝቃዛ ውኃና ከከባድ ሥራ ተቆጠቢ አላት። ሊጥ ማሸት ቀረ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጇን መሄድ ስላፈረች አንዳንዴ አሞኛል እያለች መቅረት ጀመረች፤ ሴቶቹ ይህንንም አልማሯትም።

አዲስ አበባ የሚሠራው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ይህን ሲሰማ ከአገር የሚወጣ አለቃው የሚሸጠውን የዳቦ ማሽን ገዝቶ በአውቶቡስ ላከላት። ነጭ ነው፤ ክዳኑ ላይ መስታወት አለው፤ ዱቄትና ውኃ ስትጨምርበት ራሱ ያቦካል፣ ራሱ ኩፍ ያደርጋል፣ ራሱ ይጋግራል። እናቴ ግን ኮባ የሌለው ዳቦ ዳቦ ነው ብላ አታምንምና በመጀመሪያው ቀን ኮባውን ለብልባ ማሽኑ ውስጥ አነጠፈች፤ ሊጡን የምታዞረዋ ትንሽ ብረት ኮባውን ከትፋ ከትፋ ከዱቄቱ ጋር አቦካችው። አባቴ የወጣውን አረንጓዴ ዳቦ እያላመጠ፣ በጨዋ ደንብ፣ ጎመን ገብቶበታል ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ጥቂት ሳምንት ታገለችው። መብራት መሐል ላይ ይሄድና ግማሽ የቦካ ሊጥ ይዘን መስኮት መስኮቱን እናያለን። በመጨረሻ ዘዴውን አገኘችው። ማሽኑ አቡክቶ ኩፍ ሲያደርግ ታጠፋዋለች፤ ሊጡን ታወጣና ብረቷን ትነቅላለች፤ ኮባውን አንጥፋ ሊጡን ትመልስና መጋገር ብቻ ታዘዋለች። ዳቦው አራት ማዕዘን ሆነ፣ የብረቷ መትከያም ኮባውን በስታ ሆዱ ላይ ቀዳዳ ትተዋለች እንጂ ሽታው ያው የድሮው ነው። ቤታችን እንደገና ዳቦ ዳቦ ሸተተ፤ ኳስ ፈላጊዎቹም ተመለሱ።

ያን ሰሞን የአባቴ አጎት ሞቱ። እናቴ መብራቱ ሳይሄድባት አንዱን ስታወጣ ሌላውን እያስገባች ስትጋግር ዋለችና ዳቦዎቹን በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ እኔን አስከትላ፣ ለቅሶ ቤት ገባች። ፊቷ የበዓል ፊት ነበር፤ ለለቅሶ የማይሆን ፊት። ሴቶቹ "የማን እጅ ነው?" ሲሉ የኔ ነው አለች። በአንድ ለአምስት የተደራጀ ሰፈር ምስጢር አያድርምና ማሽን መምጣቱን ሁሉም ያውቃል። አክስቴ ታደለች ዳቦውን አነሳች፤ ገለበጠች፤ ሆዱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ጣቷን ከተተች።

"ማሽን እጅ የለውም፤" አለች። "ማንን ነው የምንመርቀው?"

ሴቶቹ ሳቁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ አስከሬን ገና በወጣበት ግቢ ሳቁ። አክስቴም ዳቦውን ሳትቆርስ ለልጆቹ ስጧቸው ብላ ወደ ጓዳ አሳለፈችው። ያበጡት የእናቴ ጣቶች ጭኗ ላይ ነበሩ፤ አንዷም ሴት ወደ እነሱ አላየችም። ዱቄቱን የመረጠው፣ ቅመሙን የመጠነው፣ እየተለበለበ ኮባውን ያዘጋጀው እጅ እዚያው ፊት ለፊታቸው ነበር። እኔ ላፈነዳው አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ፤ በዚያ በሚያማት እጇ።

አባቴ ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰምቷል። አባቴ አስታራቂ ሽማግሌ ነበር። የሾኔ ሰዎች በድንበር ሲጣሉ እሱን ይጠሩታል፤ ባልና ሚስት ሲኳረፉ እሱ ይላካል፤ ለሰው ሁሉ የሚሆን ቃል አፉ ላይ አለው። ያን ቀን ለሚስቱ አንድ ቃል አላገኘም። ጫማውን ያይ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም ስለዚያ ጫማ ይቅር አላልኩትም።

ማታ ቤት ስንገባ ለምን ዝም አልሻት ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ማሽኑን በአንሶላ እየጠቀለለች ነበር።

"ተዪው፤" አለችኝ። "የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው።"

ማሽኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣና እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከሱቅ ስኳር ገዝታ ትይዛለች፤ እንደ ሩቅ ሰው። በር ሥር ትቀመጣለች፤ ሲነሱ ቀድማ ትነሳለች። ሰላምታዋ አልጎደለም፣ መዋጮዋም አልቀረም፤ ግን እንደ እንግዳ ነበር የምትቀመጠው። ከዘመዶቹ አንዳቸውም ዳቦሽ የት ገባ ብለው አልጠየቋትም። ስለረሱት ይሁን መቅረቱ ስለተመቻቸው አላውቅም፤ ሁለቱም ያናድደኛል።

ላገባ ሰሞን ሊጥ አስተምሪኝ አልኳት። የጠመሙ ጣቶቿን ከፈት ከደን አድርጋ አየቻቸውና፣ ለምን ትለፊያለሽ፣ ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው አለችኝ። ሳትቆጣ፣ ሳታዝን፣ የምር ነበር ያለችው። አስቤ አስቤ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ እነሱ ያሏትን አመነቻቸው።

እናቴ የሞተች ዕለት ሴቶቹ ከዳቦ ቤት የተገዛ ዳቦ በፌስታል፣ በፌስታል እያንጠለጠሉ መጡ። ተቆረሰ፣ ተበላ። የማን እጅ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ልጠይቅ ብድግ ብዬ ነበር፤ የእናቴን ፎቶ ሳይ ቁጭ አልኩ።

አሁን እንግዳ ሲመጣብኝ ልጄን ዳቦ ቤት እልካለሁ። እሷም ቅመሙ ምን ያህል እንደሚገባበት፣ ኮባ እንዴት እንደሚለበለብ አታውቅም፤ እኔም በዓይኔ እንጂ በእጄ አላውቀውምና የምነግራት የለኝም። እጄን ሐኪም አይቶት ጤነኛ ነው ብሎኛል። አንድም ሰው ግን በዳቦ መርቆት አያውቅም።