የአባባ የጠፍር ወንበር

ትናንት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ መቀመጫው በጠፍር የተጠለፈ አሮጌ ወንበር ልገዛ አንድ ቤት ገባሁ። ሥሩን ለማየት ስገለብጠው የባለቤቲቱ ፊት ጠቆረ፤ የቆዳው ሽታ ደግሞ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔ ቡሬ አጠገብ እንኖር ነበር። አሮጌ ወንበር የሚሰበስብ አንድ እንግዳ በመኪና መጣ። የአያቴን ባለጠፍር የዋንዛ ወንበር አገላበጠ፤ ዘመን ያወዛውን መደገፊያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"በዚህ ፈንታ አራት አዲስ የፕላስቲክ ወንበር ልስጥዎት፣ አባባ።"

"ልጄ፣ አዲስ ሰጥቶ አሮጌ የሚወስድ ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ እኔን ሞኝ አድርጎኛል" አሉት አያቴ። "አንተ ደግሞ ሞኝ አትመስልም።"

ሰውየው ስቆ ሄደ። አባባ ግን አልሳቁም። በተራቸው ወንበሩን ገልብጠው ስንጥቁን ሁሉ በጣታቸው ፈተሹ፤ የተደበቀ ነገር ግን አላገኙም። ከዚያ ቀና ብለው አጠገባቸው የቆመውን አጎቴን አዩት።

"እኔ ቤት ይህ ወንበር እንዳለ ማን ነገረው?"

አጎቴ መሬት መሬቱን እያየ ወጥቶ ሄደ። ነግሮት ይሁን፣ በመጠርጠሩ አዝኖ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባባ ከዚያ ወዲያ ወንበሩን ጓዳ አስገብተው ማንንም አላስቀመጡበትም።

ትናንት ሴትየዋ ወንበሩን ከእጄ ተቀበሉኝና "አይሸጥም ልጄ" አሉኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ደጁን እንዳለፍኩ መቀርቀሪያው ከኋላዬ ሲገባ ሰማሁ።