ከመካነ ብርሃን የመጣው በረኛ

ተጠባባቂ በረኛ ሆኖ የማያውቅ ሰው ቅናትን አውቃለሁ ባይል ጥሩ ነው። ተጠባባቂ አጥቂ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እንኳ ይገባል፤ ተከላካይም ሲደክም ይቀየራል። በረኛ ግን አይደክምም። ቋሚው ካልታመመ፣ ካልተሰበረ ወይም ካላረጀ በቀር ተጠባባቂው ሜዳ አይረግጥም። ስለዚህ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለህ በልብህ የምትለምነው ነገር ለፈጣሪም ለመንገር የሚያሳፍር ነው።

እኔ የምጠብቀው ሰው ግን አረጀልኝ። ጎንደር ውስጥ ባለው ክለባችን ለዓመታት ውሃ እያቀበልኩት፣ ከጨዋታ በፊት ኳስ እየመታሁለት ቆይቼ፣ በመጨረሻ ጉልበቱ እምቢ ሲለው በሰላም ተሰናበተ። ለሽኝቱ በግ ታረደ። ከሁሉም ደስ ብሎኝ የበላሁት እኔ ነበርኩ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በረኛ የሚበስልበት ዕድሜ። የአዘዞ ሚኒባስ ረዳት ሳይቀር "አንድ ቁጥር ማሊያ ያንተ ሆነ አሉ" ብሎ የፊቱን ወንበር ሰጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኙ አንድ ወጣት ይዞ መጣ። ለዘመድ ሰርግ ጃናሞራ ወጥቶ መካነ ብርሃን ላይ ሲጫወት አይቶት ነው። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ቁመቱ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያስገባው፣ መዳፉ የእህል ማዝሪያ ላይዳ የሚያህል። ታኬታው አዲስ ስለነበር እንደ ሙሽራ ነው የሚራመደው። ወደ እኔ መጥቶ እጅ ነሳና "እንደምን ዋልህ፣ አያ" አለኝ። አያ በኛ አገር ለትልቅ ሰው የሚባል ነው። በአንድ ቃል ከአባቱ እኩዮች ጎን አሰለፈኝ። አክብሮት መሆኑ ገብቶኛል፤ ያናደደኝም አክብሮቱ ነው። ቢንቀኝ ኖሮ እንዴት እንደምጠላው አውቅ ነበር።

ከልምምድ በኋላ ከአሰልጣኙ ጋር አራዳ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ክርክሩ ተነሳ። አሁኑኑ ይግባ ወይስ ተቀምጦ ይማር? አንዱ ተከላካያችን "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" አለ። ወደድኩት፤ ሻዩንም ልከፍልለት አሰብኩ። ከዚያ እኔ በረጋ ድምፅ ተናገርኩ። "ለሱ ብዬ ነው" አልኩ። "የከተማ ተመልካች አያዝንም። አንድ ሁለት ሲገባበት ይሰድቡታል፣ ልቡ ይሰበራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንድ ዓመት ተቀምጦ ይይ።" ቃሌ ሁሉ ልክ ነበር። ዛሬም ስለ ሌላ ጀማሪ ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። አፌ እንደዚያ ይበል እንጂ ሆዴ ግን የኔ ነው፣ የኔ ነው ይል ነበር።

አሰልጣኙ ሻዩን ጨርሶ "ዋና ዳር ቆሞ አይለመድም። በረኛ በጨዋታ ነው የሚማር። እሁድ ይገባል" አለ። ያው ተከላካይ ወዲያው ተገልብጦ "እንግዲህ ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሻዩን ግን አልከፈልኩለትም።

ቤት ስገባ አባቴ ራት ላይ ነበር። አባቴ ከከተማው አድባራት በአንዱ ግራ ጌታ ነው። በማኅሌት ጊዜ መዘምራኑ ግራና ቀኝ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እሱ የግራውን ወገን ይመራል። በማዕረግ ግን የሚቀድመው ቀኝ ጌታው ነው። ተራህን ጠብቅ እያለ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ፣ ስለኔ ይቆጣል ብዬ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እጁን ከመሶቡ ሰብስቦ ሰማኝ።

"ቀኝ ጌታው በዕድሜ ከኔ ያንሳል" አለ በመጨረሻ። "እኔ ዜማ ስጨርስ እሱ ገና ከቆሎ ተማሪዎች ጋር ነበር። ድምፁን ሰሙና ሾሙት።"

ይህን ነግሮኝ አያውቅም። "አዘኑ እንዴ?" አልኩት።

"አሁንም አዝናለሁ።"

"አሁንም?"

"በየማኅሌቱ። ፊት ለፊቴ ነው የሚቆም፣ የት እሸሻለሁ? ሲስት ደስ ይለኛል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የሳተውን አነሳለታለሁ። ምን ላርግ፣ ዜማው ይበላሻል።"

ራቱን መብላት ቀጠለ። መጽናኛ ፈልጌ እንደኔው የሚቀና ሰው አገኘሁ። ያም ሆኖ ከዚያ ሌሊት በፊት አባቴን እንዲህ ወድጄው አላውቅም።

እሁድ ደረሰ። እኔ አግዳሚው ላይ፣ ወጣቱ ግቡ ውስጥ። የመጀመሪያዋ ኳስ ከቀኝ መስመር ተሻገረች። ወጥቶ ይይዛታል ስንል ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ኳሷ ፊቱ ወረደችና አጥቂያቸው በቴስታ አስገባት። ደስ አለኝ። ይህን ለማለስለስ አልሞክርም፤ ክለባችን ግብ ገብቶበት እኔ ደስ አለኝ። ሁለተኛዋም ልክ እንደዚያው ገባች። ከኋላችን ያለው ተመልካች "አስወጣው" ይል ጀመር፤ ቀጥሎ የኔን ስም ይጠራ ጀመር። ስምን እንደዚያ ሲጠራ መስማት ጣፋጭ ነገር ነው።

"ፈሪ ነው" አለ አሰልጣኙ። "እዚያ አገሩ ደፋር ነበር፣ እዚህ ፈራ።"

ፍርሃት አልነበረም። ከአግዳሚው ሁሉ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህ አሰልጣኝ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ለወዳጅነት ጨዋታ መካነ ብርሃን ወጥተን፣ ቋሚው ጉልበቱን ሲያስታምም እኔ ገብቼ ነበር። እዚያ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። የተመታች ኳስ አትወርድም፣ ትርቃለች። ደረሰች ብዬ ስዘል በአናቴ ላይ እያለፈች ገባችብኝ፤ ያገሩ ሰው በሳቅ ሞተ። ይህ ወጣት በዚያ አየር ያደገ ነው። ኳስ ወዴት እንደምትወድቅ የሚለካው ባገሩ ልክ ነው። ለዚህ ነው የሚያፈገፍገው። እኔ እዚያ ስወጣ የሠራሁትን ስህተት እሱ እዚህ ወርዶ ገልብጦ ሠራው።

እረፍት ሆነ። አሰልጣኙ አጠገቤ መጥቶ "ጓንትህን አጥልቅ። አንድ ከተደገመበት አንተ ትገባለህ" አለኝ። ለዓመታት የጠበቅሁት ቃል ነው። ከኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ወጣቱ አንዴ ከወጣ ደግሞ ቶሎ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ተመልካቹ አይምረውም።

ጓንቴን እያጠለቅሁ እያለሁ እሱው መጥቶ ፊቴ ቆመ። "አያ፣ ምነው ኳሷ እንዲህ ሆነችብኝ?" አለኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

"ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቁም" አልኩት በቁጣ፣ እንደ ስድብ። "እዚህ ኳስ አትርቅም፣ ቶሎ ትወርዳለች። አገርህ አይደለም ይሄ።"

ደግነት ነበር ብል ውሸት ነው። ያችን አንድ ጥፋት ሲደጋግም ማየት መዳፌን ያሳክከኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት እስካሁን አላገኘሁለትም።

ከእረፍት መልስ የተሻገረችዋን የመጀመሪያ ኳስ ሁለት እርምጃ ወጥቶ፣ ከመደርደሪያ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው በአንድ እጁ አወረዳት። ቀጣዮቹንም እንዲሁ። የኛም አጥቂዎች ሁለት አገቡና ሁለት ለሁለት ወጣን። ስሜን ይጠራ የነበረው ሕዝብ የሱን ስም ጎረቤቱን እየጠየቀ ተማረ። አግዳሚው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ እኔ አልቆምኩም። ቅናቴ በረደ ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅር ይበለኝ፣ የባሰብኝ ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ የቀናሁት በዕድሉ ነበር። አሁን ግን በእጁ ቀናሁ። እሱ ዓመት ቢቀመጥም፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ብለማመድም ያን እጅ እንደማላገኘው አየሁ።

ሜዳው ባዶ ሲሆን ጭቃ ያልነካውን ታኬታዬን እየፈታሁ ነበር። ወጣቱ ስልክ እያወራ መጣ። "እዚህ አንድ ሸጋ አያ አለልሽ፣ እማዬ" ይላል። "እንደ ታናሽ ወንድሙ ነው የሚያየኝ። ዓይኑን ከኔ ላይ አይነቅልም።" ከዚያ ስልኩን ያለ ማስጠንቀቂያ ጆሮዬ ላይ አደረገው።

የእናቱ ድምፅ በነፋስ መሃል መጣ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አለችኝ። "ሰው አጣ ብዬ ሰግቼ ነበር። ክፉ አይንካህ። ያለህበትን ያጽናልህ።"

አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ "አሜን" አልኳት።