የመቅዲ ፔጆ ካቴና

አቶ ኃይለማርያም ከደጋ መጥተው ሞያሌ ውስጥ፣ ከድንበሩ በኬንያ በኩል፣ ሆቴል ከፈቱ። ልጃቸው መቅዲ እዚያው ተወለደች፣ እዚያው አደገች። አባቷ ሆቴሉን ትረከበኛለች ብለው ሲጠብቁ፣ እሷ መንጃ ፈቃድ አወጣችና የቤቱን ዕቃ ታመላልስ የነበረችውን አሮጌ ነጭ ፔጆ ተረከበች። በየማለዳው ወደ ቡቲዬ መንደር እየሄደች ወተት ሻጭ ሴቶችን ከነጄሪካናቸው ገበያ ታደርሳለች። የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በከተማው መኪና የምትነዳ ሴት ስታልፍ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል። መቅዲ ደግሞ መታየቱን አልጠላችውም።

ፔጆዋ ግን ብዙ አቧራና ብዙ ዘመን ጠግባለች። ጠዋት ስትነሳ ሞተሯ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚያናውጡት መንቋቋት ጀመረ። አንድ ቀን ከቡቲዬ ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ “ፓ!” ብላ ጮኸችና ቀጥ አለች። ቢገፉ፣ ቢያስነሱ፣ ወይ ፍንክች። ከወተት ሻጮቹ ሁሉ አፈ ፈጣኗ ጎሎ ጄሪካኗን በጀርባዋ አዝላ ወረደችና በቦረና አጠራር ጠራቻት።

“ያ መቅዲ፣ አንቺ እዚህ አልቅሺላት፤ የኔ ወተት እንባ አይጠብቅም!”

መቅዲ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

አቶ ኃይለማርያም ተጎትታ የመጣችውን መኪና ዞረው አዩና፣ “አበቃላት። ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጥ” አሉ።

“ጋሽ ዲዳ ሳያዩዋትማ አይሆንም፣ አባዬ!”

ጋሽ ዲዳ ሄሉ ሰፈር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ቦረና ናቸው። ራዲያተሩን አወረዱ፣ የሞተሩን የፊት ክዳን ፈቱ፣ ከዚያም መቅዲን በእጃቸው ጠሯት። ውስጥ ያለው ካቴና እንደ ከሳ ሰው ቀበቶ ተንዘላዝሏል።

“አየሽ? ከታች ያለው ዘንግ ፒስተኖቹን ያንቀሳቅሳል፤ ከላይ ያለው ቫልቮቹን ያስከፍታል። ሁለቱን እኩል የሚያስኬዳቸው ይሄ ነው። ሲላላ አንዱ ቀድሞ አንዱ ይዘገያል። ሞተሩ አልሞተም፤ ሰዓቱ ነው የተዛባው።”

“አልሞተም?” መቅዲ ዘላ ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት።

አዲሱ ካቴና፣ ጥርሳም መዘውሮቹና መወጠሪያው ከናይሮቢ ታዘዙ። የመጡት ከብት አራግፎ በሚመለስ ሎሪ ነው። ሎሪው ገና ስቴጅ፣ መኪና መቆሚያው ጋ፣ ሳይደርስ መቅዲ ከጎኑ እየሮጠች፣ “የኔ ዕቃ! የኔ ዕቃ!” ስትል ሾፌሩ ደንግጦ ቆመላት።

“ዓይኔ ደክሟል” አሉ ጋሽ ዲዳ ሥራው ሲጀመር። “ምልክቶቹን አንቺ ታያለሽ፤ ማጥበቁን ለኔ ተይው።” በመዘውሮቹ ላይ ነጠብጣብ፣ በካቴናው ላይ ቀለም የተቀቡ ቀለበቶች አሉ፤ እነዚያ ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። መቅዲ ልቧ እየዘለለ አጎንብሳ አየች።

“ገጥሟል!”

“ይሁን። ቁልፍ ግን አትንኪ። መጀመሪያ በእጅ አዙሪው፣ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያልሽ።”

መፍቻውን ይዛ አዞረች። ሞተሩ ትንሽ ዞረና አንድ ነገር ገትሮ ያዘው።

“አቁሚ!” አሉ። “አስገድደሽ ብታዞሪው ቫልቩን ታጣምሚዋለሽ።”

እንደገና ከፍተው አዩ። ከታች በኩል የቅባት ጠብታ ነጥብ መስሎ አታሏታል፤ ካቴናው ጥርስ ስቶ ነበር። መቅዲ ፊቷ ጋለ። “ጥድፊያዬ ነው፣ ጋሽ ዲዳ።”

“በእጅ ያዞርነው ለዚህ አይደል? ጥረጊና ድገሚ።”

በጨርቅ ጠረገች። አንዱን ነጥብ በጣቷ ነካች፣ ሌላውንም ነካች። ገጠሙት፣ ወጠሩት፣ በእጅ አዞረችው፤ እየደጋገመ እንደ ቅቤ ዞረላት። ክዳኑ ታሰረ፣ ራዲያተሩ ተመለሰ። ወሬውን የሰሙት ወተት ሻጮችም መጥተው ከበዋል።

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሳል ሳል አለና ዝም አለ። ደገመች። ተነሳ! መንቋቋት የለ፣ መንገጫገጭ የለ፤ አንድ ወጥ የሆነ ልስልስ ድምፅ።

“ተነሳች! ጋሽ ዲዳ፣ ተነሳች!” መቅዲ መሪውን በሁለት እጇ ትደበድበዋለች። ሴቶቹ እልልታቸውን ለቀቁት። ሌሎቹ ከኋላ ሲታጨቁ፣ ጎሎ ማንንም ሳትጠይቅ የፊተኛውን በር ከፍታ ገባች።

“ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂያ!”

“ወዴት?”

“ወደፈለግሽው!”

በሆቴሉ በር ሲያልፉ አቶ ኃይለማርያም ፎጣቸውን በትከሻቸው እንደጣሉ ወጡ። “ይህቺ ያቺው ናት?”

“ያቺው ናት! ግባ፣ አባዬ!”

በሴቶቹ መሃል ተጣበው ገቡ። መቅዲ ወደ ኦዳ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። መስኮቶቹ ተከፍተዋል፣ ቀዩ አቧራ ከኋላ ይነሳል፣ ጎሎ የሞተሩን ድምፅ ተከትላ የሆነ ዘፈን ፈጥራለች፤ የፔጆዋ ስም በየመስመሩ ይጠራበታል። አባትየው ሲሄዱ “ቀስ በይ፣ ቀስ በይ” ሲሉ ነበር። ሲመለሱ ግን ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉና፣ ሴቶቹ እንዳይሰሟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ትንሽ ጨመር አድርጊያትማ” አሏት።