ጂንካ ባሌን እንዴት እንደ ሸኘችልኝ

ጂንካን ክፉ የሚናገርብኝ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። እኔ ራሴ ግን እንዳሰኘኝ አማታለሁ። መብቴ ነው፤ ጭቃዋን ስንት ዘመን የረገጥኩት እኔ ነኝ።

ከወላይታ ሶዶ የመጣሁት ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው። ባሌ አናጢ ነበር። "ትምህርት ቤቱ ይሠራል፣ ቢሮው ይሠራል፣ እንጨት እንደ ልብ ነው፣ ሥራ አናጣም" ብሎ አባብሎ አመጣኝ። ሥራውም እንጨቱም እውነት ነበር። ዝናቡን ግን ትንፍሽ አላለልኝም። ኧረ ዝናቡ! በልግ ሲገባ ያሰጣሁት ልብስ ሳይደርቅ ይሻግታል። አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ጢም ያበቅላል። ባሌ ለልብስ ማስጫ ብሎ የተከለው ደረቅ ቋሚ ቅጠል አወጣ፣ ቅርንጫፍ አወጣ፣ ሲቆይ ወፍ ቤት ሠራበት። እሱ ቆሞ ሲስቅ እኔ የማሰጣበት አጥቼ አለቅሳለሁ። "እንጨቱ እንኳ እዚህ መኖር ይወዳል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምትነጫነጪው" ይለኛል።

ልክ ነበር፣ በኋላ ገባኝ። ያ ሁሉ ዝናብ ለካ ሥራ ነበረው። ቤታችን ጓሮ ቡና አለ፣ ሙዝ አለ፣ ጎደሬው ሳይጠሩት ይመጣል። ማንጎ ሲደርስ ልጆች በልተው፣ ፍየል በልታ፣ የቀረው መሬት ላይ ይረግፋል። ከሰሜን ተራራዎች አንስቶ እስከ ከተማው ጫፍ ያለው አረንጓዴ ዓይን ያጠግባል። እኔ ሀብታም አገር ማለት ፎቅ ያለበት ይመስለኝ ነበር። ጂንካ ውስጥ ግን ያኔ ለስኳርና ለሳሙና ወረፋ እንሰለፋለን እንጂ ጾሙን የሚያድር ቤት አላየሁም። ያንዱ ጓሮ የሌላው ጓሮ ነዋ።

ጎረቤቴ አንዲት የአገሬው የአሪ አሮጊት ነበሩ። ገና ዕቃችንን ሳናወርድ የእንሰት ችግኝ ተሸክመው ከች አሉ፤ ሳይጠይቁን ከቤቱ ጀርባ ቆፍረው ተከሉት። "እንሰት የሌለው ቤት ምን ቤት ነው?" አሉና ሄዱ። አማርኛን የተማሩት በገበያ ነው። ሰውን ሁሉ "አንተ" ነው የሚሉት። እኔንም አንተ፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበርም አንተ፣ ዶሮዋንም አንተ። ሊቀ መንበሩ ሁሉም "ጓድ" እንዲለው ይፈልግ ነበር፤ እሳቸው ፊት ግን ዝም ይላል። ምን ያድርግ፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ስለ ሜዳው ልናገር። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማ ወጣ ብሎ አይደለም፣ መሃል ከተማው ላይ ነው። ሣር ነው። ወዲህ ቤት፣ ወዲያ ቤት፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያተኛው በዳሩ ይተምማል። አውሮፕላን በሌለ ጊዜ ላም ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሴቱ አቋርጦ ወፍጮ ቤት ይሄድበታል። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ዘበኛው ፊሽካውን ይነፋል። ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ የለም። አስተማሪው ጠመኔውን፣ ልብስ ሰፊው መርፌውን ይጥላል፤ ሁሉም በየደጁ ዱላ አንስቶ ከብት ያባርራል። የማን ላም ነች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘበኛው ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር፤ አንድ ግትር በሬ ላይ ቂም ይዞ ዘመኑን በሙሉ ከሱ ጋር እንደ ተካሰሰ ኖረ።

ሌላው ነገር ሽኝት ነው። ጂንካ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። መንገዱ ከባድ ነው፣ የሄደ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ስለዚህ ከከተማው የሚወጣን ሰው የሚያውቀውም የማያውቀውም ይሸኘዋል። ባዶ እጅ ደግሞ ነውር ነው። ሙዝ ይያዛል፣ ኮረሪማ ይያዛል፣ በቅል ማር ይያዛል። አንድ ጊዜ ለስብሰባ የሄደ የቢሮ ሰው ዶሮ ታቅፎ አውሮፕላን ሲሳፈር በዓይኔ አይቻለሁ።

ባሌ የወደቀው በልግ ነው። የትምህርት ቤቱ ጣራ ያፈስ ነበርና ሊጠግን ወጣ። እርጥብ ቆርቆሮ ነው፣ አንሸራቶት ወረደ። ጭኑ ተሰብሮ አጥንቱ ወደ ውጭ ወጣ። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ አጠቡት፣ አሰሩት፣ መርፌ ወጉት። በማግስቱ ትኩሳቱ ነደደ፣ እግሩ አበጠ። ቁስሉን ያሰረው ድሬሰር ወደ ውጭ ጠራኝና፣ "እህቴ፣ አልደብቅሽም። እዚህ የምንችለውን አድርገናል። ቶሎ ሆስፒታል ካልደረሰ እግሩ ይቆረጣል፤ ከዚያም ከዘገየ እሱንም ታጪዋለሽ" አለኝ። ሆስፒታሉ አርባ ምንጭ ነው። መንገዱ ደግሞ ወይጦ ወንዝ ሞልቶ ተዘግቷል፤ የጭነት መኪኖቹ ወዲያና ወዲህ ቆመው ይተያያሉ። የቀረው አውሮፕላኑ ብቻ ነበር።

አርብ ይመጣል ተባለ። በቃሬዛ ተሸክመን ሜዳው ዳር አደረስነው። ቀበሌው ከብት የሚያባርር ሰው ይውጣ ብሎ ለፍፎ ነበር። ወይ ጉድ! ሰው ወጣ እንዴ? ጂንካ አንዲት ነፍስ ሳትቀር ወጣች! ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከብቱን በአንድ አፍታ ጠራርገው አባረሩት። ከዚያ ግን ወደ ዳር በመመለስ ፈንታ ሙዛቸውንና ማራቸውን እንደ ያዙ ባሌን ሊሰናበቱት ወደ ሜዳው ገቡ። ቤት የሠራለት አለ፣ አልጋ የሠራለት አለ፣ የሟቹን ሣጥን በነጻ የሠራለት አለ። ሁሉም እጁን ሊነካው ይፈልጋል። የእኛ የጸሎት ቤት ያኔ በመንግሥት ታሽጎ ስለ ነበር በየጓዳችን ነበር የምንጸልየው፤ ያን ቀን ግን አማኞቹ በአደባባይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩለት። ሊቀ መንበሩ ፊቱን አዙሮ ተራራ ተራራውን ያያል።

አውሮፕላኑ መጣ። ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። ሕዝቡ "ሰላም እያለን ነው!" ብሎ ነጠላውን አውለበለበ። ዞሮ ደግሞ መጣ፤ ይበልጥ ዝቅ አለ። እነሱም ይበልጥ አውለበለቡ፣ እልልታው ቀለጠ። ዘበኛው ጉንጩ እስኪያብጥ ፊሽካውን ይነፋል፣ ማን ይስማው! ያን ፊሽካ ለከብት እንጂ ለራሱ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። አብራሪው ሜዳ ሙሉ ሰው ላይ እንዴት ይረፍ? አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ከዚያ ከተራራው ጀርባ ገባና ድምፁ ጠፋ።

መጀመሪያ የገባኝ እኔ ነኝ። "ገደላችሁት!" ብዬ ጮኽኩ። "በፍቅራችሁ ገደላችሁት! ሙዛችሁን ብሉት! ማራችሁን ጠጡት!" ያልተናገርኩት የለም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ጎረቤቴ አሮጊቷ ሙዛቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ራሳቸውን ያዙ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ገባ፣ እኛም ባሌን ወደ ጤና ጣቢያው መለስነው።

ከሰዓት በኋላውን ሊቀ መንበሩ ከፖሊስ ጣቢያው ሬዲዮ አልተነሳም አሉ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ደግሞ ለመነ። አመሻሹ ላይ መጥቶ፣ "አውሮፕላኑ ነገ ጠዋት ሲመለስ ይሞክራል። ሜዳው ላይ ሰው ካየ ግን አይወርድም፣ ቁርጥ አድርገው ነግረውኛል" አለኝ።

"ነገ እኮ ቅዳሜ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

ቅዳሜ ማለት ገበያ ነው። ከአሪ ተራራ ቆጮና ጎመን የተሸከመ ይወርዳል፣ ከበና ቆላ በኩል ፍየል የሚነዳ ይመጣል፤ ስለ ቀበሌ ልፈፋ የሰማም የለ። ቢሰማስ? የጂንካን ሰው ከሽኝት ከማስቀረት ያን በሬ ሰላምታ ማስተማር ይቀላል። ተስፋ ቆረጥኩ፣ እውነቴን ነው። ባሌ በትኩሳቱ ይቃዣል፤ መዶሻ አቀብዪኝ፣ ምስማር አቀብዪኝ ይላል። ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረግሁ አደርኩ።

ጠዋት ተሸካሚዎቹ መጡ። ስንወጣ መንገድ ላይ ማንም የለም። ደጅ ሁሉ ዝግ ነው። ዶሮ እንኳ አይጮኽም፤ ቅርጫት ደፍተውባቸው ነበር አሉ። ገበያው ቦታ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ እህል የለም። በኋላ እንደ ሰማሁት ሰዉ ሌሊቱ ሳይነጋ በየመንገዱ ወጥቶ፣ ከተራራ የሚወርደውን በአሪኛ፣ ፍየል የሚነዳውን በበና ቋንቋ፣ ሌላውን በአማርኛ እየለመነ በየወንዙ ዳርና በየዛፉ ሥር አስቀምጦታል። ያን ግትር በሬ ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ አስገብቶ አስሮት ነበር። ፍየል የሚነዱት የበና ሰዎች "ለማን ነው?" ሲሉ፣ "ለአናጢው" ተባሉና በርኩማቸውን፣ ያቺን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ አስቀምጠው ተቀመጡ።

ሜዳው ባዶ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ባዶ ነገር አላየሁም። እኛና ዘበኛው ብቻ። ዘበኛው የሚያባርረው አጥቶ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

ባሌ ነቃ አለ። ትኩሳቱ ትንሽ በርዶለት ነበር። ግራ ቀኙን በዓይኑ ፈለገ። "ሰው የለም?" አለኝ። ድምፁ ቀጠነ። የአርቡን ግርግር እንደ ሕልም ነበር የሚያስታውሰው።

"አለ" አልኩት።

"አላየሁም። ጎረቤታችንም አልመጡም?"

እንባዬ ቀደመኝ። እሱ ግን በሌላ ተረጎመው። ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ። እንዲህ ሲከፋው አይቼው አላውቅም። ልንገርህ ስል አውሮፕላኑ መጣና ጩኸቱ ቃሌን ዋጠው። አንዴ ዞረ፣ ወረደ፣ ሣሩን እያስተኛ መጥቶ ቆመ። ቶሎ በሉ ተባልን። ቃሬዛውን ወለሉ ላይ አስተኙት፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ፣ በሩ ተዘጋ።

አስቀድሜ ልገላግላችሁ፤ እግሩ ድኗል። ትንሽ አጠረ እንጂ ድኗል። ከሆስፒታል ወጥቶ ሶዶ ስናርፍ ዘመዶቹ እዚሁ ቅር ቢሉት በጀ አላለም፤ ተመልሰን እዚያው ዝናባችን ውስጥ ገባን።

አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሣ። መንኮራኩሩ ከሣሩ ሲለቅ ወደ ታች አየሁ። ከእንሰቱ ሥር፣ ከማንጎው ሥር፣ ከየበሩ፣ ከየአጥሩ ጀርባ ሰው ፈሰሰ። ከየመንገዱ ገበያተኛው ከነሸክሙ፣ ከነፍየሉ እየሮጠ መጣ። ሜዳው ባንዴ ጢም አለ። ማንም አላውለበለበም፤ ትናንት በማውለብለባቸው የሆነውን አይተው ፈርተው ይሆናል። እጃቸውን ግጥም አድርገው ይዘው ቀና ብለው ብቻ ያያሉ።

ጎንበስ ብዬ በባሌ ጆሮ፣ "ሁሉም አሉ" አልኩት። "እንድትሄድ ብለው ነው የተደበቁት።"

ጂንካ ከዓይኔ እስክትጠፋ እጄን አልለቀቀኝም።